ቀይ ያሉት ባሕር

ሰርጉ ነገ ነበር፣ በዓረባ በረሃ፣
ቴምር በቱቦ ጫፍ፣ በሚቆጠር ውሃ
ከሚያድግበት መንደር።
የእንግዳው ቤት ሞልቶ "ሌላ ፈልጉ" ሲሉን፣
ኤላት ወረድን፣ አንድ ሌሊት ብታሳድረን።

ከቂርያት ጋት ወዲህ ሦስት ሰዓት ሙሉ
ከኋላ ወንበር ላይ ልጆቹ ሲጣሉ፣
አስናቁ ብርቱካን ልጣ እያቀበለች፣
"ቀስ በል፣ ካሜራ አለ" ደጋግማ እያለች፣
አባቴ ከጎኔ፣ የሰርጉን ኮት ከዋዜማው ለብሶ፣
ወደ መስኮቱ አንገቱን መልሶ
አለት ብቻ ያያል።
"ምነው አባ፣ ዝም አልክ?"
"መንገድ አይታመንም" አለኝ።

የመኪናው በር ሲከፈት ሙቀቱ አቀፈን፣
ማን እንደሆነ እንደማናውቀው የሰርግ ቤት ዘመድ
አልለቅም ብሎ።
የዘንባባው አምፖል ፀሐይ ሳትጠልቅ በርቷል።
በአየር የተነፋ የፕላስቲክ አዞ
አንድ ሻጭ ይጣራል በትከሻው ይዞ፣
በዕብራይስጥ፣ በሩሲያኛ፣ በፈረንሳይኛም ጭምር፣
እኛን ያየን ጊዜ "ሰላም ነው?" ብሎ ጀመር።

መኪናዋን ከቀይና ነጩ ጠርዝ ዳር አቆምኳት።
"አምስት ደቂቃ ነው" አልኩ።
አስናቁ አየችኝ።
ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፣
ከእሱ ጋር አሥራ አራት ዓመት ኖሬአለሁ።

ኢታይ ልብሱን እየጣለ ሮጠ።
ኖጋ ግን ውሃው ጫፍ ላይ ቆመች፣
እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ እንደ ተቆጣጣሪ።
"ቀይ ባሕር ብላችሁኝ! የታለ ቀዩ?
ይሄ ሰማያዊ ነው። አባባ፣ አንተስ እይ!"

አባቴ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ፈታ፣
መጀመሪያ የግራውን።
"እኔ የማውቀው" አለ፣ "ጥቁሩን ነው፣ ልጄ።
ከወዲያ፣ ከሱዳን ዳርቻ፣ ጨረቃ በሌለበት
የጎማ ጀልባ መጣ፣ ድምፅ ያልነበረበት።
አትሳሉ አሉን።
እኔ ደግሞ ጉንፋን ይዞኝ ነበር።
የነጠላዬን ጫፍ ጠቅልዬ አፌ ውስጥ ጎሰርኩት።
እህቴ ዘርፌ፣ አንቺን ታክል ነበር፣
እጇን ውሃው ውስጥ ነከረች፤
ይቀዘቅዛል ልትል አፏን ስትከፍት
በመዳፌ ያዝኩት። ነከሰችኝ።
እንግዲህ ያየሁት ባሕር ያ ነው፣
ቀለም አልነበረው።"

ኖጋ መዳፉን ወደ ፀሐይ ገልብጣ መረመረች።
"ጥርስ የለበትም" አለች።
"አዎ፣ የለበትም።
ነገ ልጇን ስትድር ጠይቂያት፣
ጥርሶቹ እሷ ዘንድ ናቸው።"

ከዚያ ሱሪውን ሳይሰበስብ ገባ፣
እስከ ጉልበቱ፣ ከነኮቱ።
አንድ ጭብጥ ቀመሰ፤ "ጨው ነው" አለ፣
ማንም ያልሰማውን ወሬ እንደሚነግር።
ቆመ።
ከዚያ ሳለ።
ጉንፋን የለበትም፤ ደረቱ እንደ ከበሮ ደህና ነው።
ግን ሳለ፣ ጮክ ብሎ፣ አፉን ሳይከድን፣
አንዴ ወደ አቃባ፣ አንዴ ወደ ሲና፣
ፎጣ ላይ የተኛች ሴት መነጽሯን አነሳችና
"ውሃ ስጡት እንጂ!" አለችን።
ውሃው መሐል ቆሞ ውሃ ስጡት!
አስናቁ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት አሸዋው ላይ ተቀመጠች።
ልጆቹም ጨዋታ መስሏቸው ከጎኑ ተሰለፉ፣
ሦስቱም ባሕሩ ላይ ሳሉ።

በሰርጉ ማግስት ቤት ገባን፣ ሥራ፣ ትምህርት፣ ልብስ አጠባ።
ከሦስት ሳምንት በኋላ ከኤላት ማዘጋጃ ቤት ፖስታ መጣ፦
ሁለት መቶ ሃምሳ ሸቀል፣ ከነፎቶው ማስረጃ።
መሐሉ ላይ መኪናችን፣ ታርጋዋ ጎልቶ፣
ከጥጉ፣ ከዘንባባው ግንድ ወዲያ፣ ሦስት ሰው፣
አንዱ ኮት የለበሰ፣ የሁሉም አፍ የተከፈተ።
"ይግባኝ በል" አለች አስናቁ፤
"አምስት ደቂቃ ነው ያቆምነው በላቸው።"

ፎቶውን በመቀስ ቆረጥኩና ቅጣቱን ከፈልኩ።
ምን ብዬ ልከራከር?
እውነታቸውን ነው፤
አምስት ደቂቃ አልነበረም።